ጅቡቲ ወደብ ብቻ አይደለችም

ከራስ ዲካ እስከ መሀል ከተማው ያሉት የጅቡቲ ሰፈሮች ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደሉም። የአሮጌው ከተማ አደባባይ በምኒልክ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ ይፋዊ ስሙ ደግሞ አገሪቱ ነፃ የወጣችበትን ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1977ን ያስታውሳል።

ፈረንሳዮች ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1888 ገደማ ሲቆረቁሩ መናገሻቸው በባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ኦቦክ ነበረች። ጅቡቲን ያገነናት ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። መንገዱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በዚሁ ባቡር ምክንያት ነው፤ የሁለቱ ከተሞች ታሪክ ተነጣጥሎ ሊጻፍ አይችልም።

ዛሬም ትስስሩ አልላላም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲን ያበራል፤ ከ2017 ወዲህ ውኃም በቧንቧ ይሄድላታል። ጫቱ በየቀኑ ይደርሳል።

ነገር ግን ጅቡቲ በእኛ ዘንድ ስትነሣ ወሬው ሁሉ ኮንቴይነርና የወደብ ክፍያ ነው። ይህ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛውን የሚያወርደው ከአሮጌው ከተማ ርቆ፣ ናጋድ ላይ ነው። የአሮጌው መስመር አብዛኛው ክፍልም ዝም ብሏል። በሐዲዱ ላይ የሠሩ፣ ፈረንሳይኛን ከአማርኛ፣ ከሶማልኛና ከአፋርኛ ጋር የሚያቀላጥፉ ሠራተኞች እያረጁ ነው። ሁለቱ መንግሥታት ባቡሩን በጋራ ያስተዳድሩ እንደነበረው ሁሉ፣ የጣቢያዎቹን መዛግብትና የእነዚህን ሰዎች ትዝታ በጋራ ሊሰበስቡ ይገባል፤ ሥራውም ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ፣ ከድሬዳዋና ከጅቡቲ በአንድ ጊዜ መጀመር አለበት።