የቤት ከብትና የአደን ሥጋ ለሌላ ሰው ስለ ማካፈል

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካ፥ የፍስክ በዓል በደረሰ ቍጥር ከቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም እስከ ማኅበር ቤት ድረስ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም በገዛ እጅ ያረዱትን በግ ወይም በቅርጫ የገቡበትን በሬ ሥጋ ለጎረቤት መስጠት፥ ለማኅበርተኛ ማብላት፥ ለቤተ ክርስቲያን ማበርከት በሕግ የተፈቀደ ነውን ወይስ የተከለከለ የሚል ነው። ነገሩ ለሰሚው ተራ ይመስላል። ነገር ግን ሥጋ ማካፈል በእኛ ዘንድ የዝምድናና የምጽዋት ግዴታ ስለ ሆነ፥ መልካም እሠራለሁ ብሎ ተነሥቶ በማያውቁት ሕግ ተሰናክሎ በዳኛ ፊት መቆም ለምእመኑም ለካህኑም የሚያሳፍር ነው። ስለዚህ ሕጉን ከሥሩ መመልከት የሚገባ መስሎ ታይቶናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የአሜሪካ የሥጋ ሕግ የተወለደው ከገበሬው ቤት ሳይሆን ከሺካጎ ፋብሪካ ነው። በ1906 አፕተን ሲንክሌር የተባለው ደራሲ በከተማይቱ የሥጋ ፋብሪካዎች ውስጥ ይሠራ የነበረውን ርኵሰት በመጽሐፍ ገልጦ ሕዝቡን አስቈጣ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም መርማሪዎች ልከው ነገሩን ካስመረመሩ በኋላ፥ በዚያው ዓመት የሥጋ ምርመራ ሕግ ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ለሽያጭ የሚሄድ የበሬ፥ የበግ፥ የፍየልና የአሳማ ሥጋ፥ እንስሳው ከመታረዱ በፊትና ከታረደ በኋላ በመንግሥት መርማሪ ታይቶ ማኅተም ካልተመታበት በቀር ወደ ገበያ አይወጣም። በ1967 ደግሞ ሕጉ ተስፋፍቶ በአንድ ግዛት ውስጥ ብቻ የሚሸጠውንም ሥጋ ያዘ። ገዢው ሻጩን በማያውቅበት ገበያ ላይ የመንግሥት ዓይን በገዢው ምትክ እንዲቆም ማድረግ ትክክለኛ አሳብ ነው።

ሕግ አውጪዎቹ ይህን ሁሉ ሲደነግጉ የገበሬውን ማዕድ ግን አልደፈሩም። ሰው ራሱ ያረባውን ከብት ራሱ አርዶ፥ እርሱና ቤተ ሰቡ፥ ዋጋ የማይከፍሉ እንግዶቹና ሠራተኞቹ ቢበሉት ምርመራ አያስፈልገውም። እንደዚሁም ባለ ከብቱ እንስሳውን ወደ ቄራ ወስዶ የማረጃ ዋጋ ከፍሎ ቢያሳርድ፥ ሥጋው ለእርሱና ለእነዚሁ ሰዎች ይሆናል፤ በየጥቅሉም ላይ «ለሽያጭ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ይደረግበታል።

እንግዲህ ልብ ብሎ መመልከት የሚገባው «ዋጋ የማይከፍል እንግዳ» የሚለውን ቃል ነው። እንግዳ ማለት ወደ ቤትህ መጥቶ ከማዕድህ የሚቀመጥ ነው። በበዓል ቀን ዳቢቱን ጠቅልለን ለታመመች ጎረቤት ወይም ላረጀ አባት ወደ ቤታቸው የምንልከው ሥጋ ግን በሕጉ ቃል ውስጥ በስም አልተጠራም። በሕግ አውጪዎቹ ልብ ጎረቤት መውደድ ኃጢአት ሆኖ ነው ለማለት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ በሕግ ያልተጠራ ነገር ባለ ሥልጣኑ እንደ ተረጐመው ይሆናል። ለችግረኞች ምግብ በሚያከፋፍሉ ቤቶች ዘንድ ደግሞ ማኅተም የሌለው የቤት ከብት ሥጋ እሰጣለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ቢመለስ ሊደነቅ አይገባውም። «ራሱ ያረባው» የሚለውም ቃል እንዲሁ መሰናክል አለበት። በጧት ከእርሻ በግ ገዝቶ እዚያው የሚያርድ ሰው አረባሁ ሊል ይችላልን? ይህን የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከሚኖርበት ግዛት የእርሻ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ቢሰማ ይሻለዋል።

የቤተ ክርስቲያንን ነገር በተለየ ማንሣት ይገባናል። ለዝክር ወይም ለክብረ በዓል በነጻ የሚቀርበው ማዕድ አንድ ነገር ነው፤ ለሕንፃ ማሠሪያ ተብሎ በየሳሕኑ ላይ ዋጋ የተቈረጠበት ማዕድ ግን ሌላ ነው። ገንዘቡ ለእግዚአብሔር ቤት ቢሆንም እንኳ፥ ዋጋ ከፍሎ የተቀመጠው ሰው «ዋጋ የማይከፍል እንግዳ» መሆኑ ያን ጊዜ ያበቃል። ሥጋውም የተሸጠ ሥጋ ይሆናል። ይህን የማያውቅ አስተዳዳሪ በቅን ልቡና አጥቢያውን በክስ ሊያገባ ይችላል። እንዲህ ላለው ማዕድ ማኅተም ያለበትን ሥጋ ከመግዛት በቀር ሌላ መንገድ የለም።

ስለ ቅርጫ ግን ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። ሕጉ የሚጠይቀው እንስሳው በሕይወት ሳለ የማን እንደ ነበረ ነው። ብዙ የአሜሪካ ገበሬዎች በሬውን ቆሞ ሳለ ግማሹን ለአንዱ፥ ሩቡን ለሌላው ይሸጣሉ፤ ገዢዎቹም የቆመው በሬ ባለቤቶች ስለ ሆኑ በስማቸው ያሳርዱታል። የዋዮሚንግ ግዛት በ2020፥ የኮሎራዶ ግዛት ደግሞ በ2021 ይህን የድርሻ ባለቤትነት በሕግ ጽፈው አጽንተውታል። አባቶቻችን በሬውን በጋራ ገዝተው፥ አርደው፥ መደብ መድበው በዕጣ ሲካፈሉ የኖሩት ይህንኑ አይደለምን? ልዩነቱ ጥቂት ሆኖ ሳለ ብርቱ ነው። ከመታረዱ በፊት ስሙን አስጽፎ ገንዘቡን የከፈለ ሰው ባለቤት ነው፤ አንዱ ሰው በሬውን ለብቻው ገዝቶ ካረደ በኋላ «አንድ መደብ ተርፎኛልና በይህን ያህል ውሰድ» ያለው ሰው ግን የሥጋ ገዢ ነው። የፊተኛው የተፈቀደ፥ የኋለኛው የተከለከለ ነው። በሬው አንድ፥ ቢላዋው አንድ፥ ሥጋው አንድ ሆኖ ሳለ ሕጋዊውን ከሕገ ወጡ የሚለየው የሰዓት መቅደምና መዘግየት መሆኑ ይገርማል። እንዲህ ያለውን ሥጋ በየግዛቱ ውስጥ ለመሸጥ እንዲፈቀድ የሚል ረቂቅ ከ2015 ጀምሮ ለአሜሪካ ምክር ቤት በየጊዜው ቢቀርብም እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ሳይጸድቅ ቈይቷል።

የአደን ሥጋ ሥርዓት ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ነው። በዱር የሚኖረው አጋዘን ከላይ በተነገረው የምርመራ ሕግ ውስጥ ከተቈጠሩት እንስሳት ወገን አይደለም፤ የሚገዛው በየግዛቱ የአደን ሕግ ነው። ይህም ሕግ የተነሣበት ምክንያት ከበሽታ ይልቅ የአራዊቱ መጥፋት ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት ነጋዴዎች ለገበያ እያደኑ፥ ባይሰን የሚባለውን የአሜሪካ ጎሽ ሊጨርሱት ደረሱ። እንደ ደመና ሰማይ ይሸፍን የነበረው የዱር ርግብ ደግሞ የመጨረሻዪቱ በ1914 በሲንሲናቲ የአራዊት ማኖሪያ ሞታ ዘሩ ጠፋ። ከዚህ የተነሣ በ1900 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያለ ፈቃድ የታደነውን ከግዛት ወደ ግዛት መነገድ ከለከለ፤ ግዛቶቹም በበኩላቸው የዱር አጋዘንን ሥጋ ከመሸጥ ያግዳሉ። መስጠትን ግን ይፈቅዳሉ። በቴክሳስ አዳኙ ለሌላው ሥጋ ሲሰጥ፥ የሰጪው ስምና የፈቃዱ ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት አብሮ መስጠት አለበት። በፔንሲልቫኒያ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ አዳኞች አጋዘናቸውን ወደ ተመረጡ ሥጋ ቈራጮች እየወሰዱ ለችግረኞች እንዲከፋፈል ያደርጋሉ። በ2014 የወጣው የእርሻ ሕግም የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች በሚገለገሉባቸው ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች በስጦታ የመጣ የአደን ሥጋ በተወሰነ ጥንቃቄ እንዲቀርብ ፈቅዷል። እነሆ፥ በጓሮ ያደገው በግ ለችግረኛ ለመድረስ መንገድ ሲጠበው፥ ከዱር የመጣው አጋዘን ሰፊ በር ተከፍቶለታል።

በእኛ አስተያየት ሕጉ ከሥጋው ይልቅ ዋጋውን የሚፈራ ይመስላል። በሽታ ግን ገንዘብ ተከፈለ አልተከፈለ ብሎ አይጠይቅም። በ2022 በደቡብ ዳኮታ አንድ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፥ ከመካከላቸው አንዱ በካናዳ የገደለውን የድብ ሥጋ ጠብሶ በላ። ሥጋው 45 ቀን በማቀዝቀዣ የቈየ ነበረ፤ ውርጭ የማይገድለው የትሪኪኔላ ትል ግን በውስጡ ስለ ነበረ ስድስት ሰዎች ታመሙ። ከእነዚህም ሁለቱ ሥጋውን አልቀመሱም፥ ከሥጋው ጋር የተጠበሰውን አትክልት ብቻ ነበር የበሉት። በ2008 ደግሞ በሰሜን ዳኮታ አንድ ሐኪም ለችግረኞች የተሰጠውን የአጋዘን ሥጋ በራጅ ቢያየው፥ ከጥይቱ የተሰባበረ እርሳስ በውስጡ ስላገኘ፥ የግዛቱ ጤና ጥበቃ ክፍል የተፈጨው ሥጋ እንዲጣል አሳሰበ። በሁለቱም ጊዜ ሰጪዎቹ ቸሮች፥ ሥጋውም በነጻ የተሰጠ ነበረ።

የኦሪት ሕግ ይህን ጉዳይ በዝርዝር እንዳየው ካህናቶቻችን ያውቃሉ። ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍን፥ የመሥዋዕቱም ሥጋ እስከ ሦስተኛው ቀን ከተረፈ በእሳት እንዲቃጠል እንጂ እንዳይበላ ታዟል። በዚያ ሥርዓት ሥጋው ተሸጠ ወይስ ተሰጠ የሚል ልዩነት አይገኝም፤ የበላተኛው ንጽሕና ነው የታሰበው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ይህን ማሰብ ይገባዋል።

ስለዚህ በአሜሪካ ያሉ የአድባራት አስተዳዳሪዎችና የማኅበር ሹማምንት በሬው ከመገዛቱ በፊት የቅርጫውን አባላት ስም ከነድርሻቸው በወረቀት ቢያሰፍሩ፥ ባርኮ የሚያርደውንም ሰው ይዘው ለመግባት ከቄራው ባለቤት ጋር አስቀድመው ቢነጋገሩ፥ ዋጋ ለሚቈረጥበት ማዕድ ማኅተም ያለውን ሥጋ ብቻ ቢያቀርቡ መልካም ነው። በዚያ አገር የሚገኙት የመንግሥታችን ወኪሎች ደግሞ የየግዛቱን የእርድና የአደን ሕግ በአማርኛ አስተርጕመው ከትንሣኤ በዓል አስቀድሞ በየአጥቢያው በር ቢያስለጥፉት፥ ብዙ ሰው በሬው ከታረደ በኋላ ከመጠየቅ ይድን ነበረ።