የክረምት ጨዋታና የመስሚያ መሣሪያ፦ «አውልቅ» ከማለታችን በፊት

«የክረምት ስፖርት» ሲባል ፈረንጆቹ ዘንድ ቶሎ የሚታሰበው የበረዶ ሸርተቴ ነው። እኛም ከዚህ ዓለም ጨርሶ ሩቅ አይደለንም፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ ላይ ተወዳድሯል። የጋምቤላ ክረምት ግን ሌላ ነው። የኛ ክረምት ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ወበቅ ነው። ትምህርት ሲዘጋ የሰፈር ልጆች ቡድን መሥርተው ኳስ የሚጫወቱበት ወቅት ነው። የማነሳውም ጉዳይ በዚሁ ጭቃ ሜዳ ላይ የደረሰብኝ ነው።

እኔ ከጆሮዬ ጀርባ የመስሚያ መሣሪያ አደርጋለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ግጥሚያ ሊጀመር ሲል ዳኛው ወደ እኔ መጣና «ይሄን ነገር አውልቅ፣ ጌጥ አይፈቀድም» አለኝ። ጌጥ! ብከራከርም አልሆነም፤ አውልቄ ለጓደኛዬ ሰጠሁት። በሁለተኛው አጋማሽ ፊሽካ ተነፋ። ሁሉም ቆመ። እኔ ግን አልሰማሁምና ኳሷን ይዤ ሮጥኩ፤ ከቆመ ተከላካይ ጋር ተላትሜ ሁለታችንም ወደቅን። ዳኛው ቢጫ ካርድ አወጣብኝ፣ ተመልካቹም ሳቀ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሳቁ አይደለም፤ ያ ልጅ እያነከሰ ከሜዳ መውጣቱ ነው። ብሰማ ኖሮ እቆም ነበር፣ እሱም አይጎዳም ነበር።

«ታዲያ አድርገህ ተጫወታ!» የሚል አይጠፋም። ይሄም ቢሆን ቀላል አይደለም። የብዙዎቻችን መሣሪያ የሚሠራው ዚንክ ኤር በሚባል ትንሽ ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ኃይል የሚሰጠው አየር ሲያገኝ ስለሆነ መሣሪያውን በላስቲክ ጠቅልሎ ማፈን አይቻልም። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ደግሞ እርጥበትም ያስገባል። ላብ ጨው ስላለው የባትሪውን መያዣ ዝገት ያሲዘዋል፤ ቀጭኗ ቱቦ ውስጥ አንድ ጠብታ ውሃ ከቆመች ድምፁ ይታፈናል። በረዶ አገር ያሉትም ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ መሣሪያቸው ውስጥ ጤዛ ይቋጥርባቸዋል። ስለዚህ የእነሱም የኛም ጠላት አንድ ነው፤ ውሃ።

ካቻምና በዝናብ አድርጌው ተጫውቼ አንደኛው መሣሪያዬ ዝም አለ። ለማሠራት አዲስ አበባ መላክ ነበረብኝ፤ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እስኪመለስ ድረስ ክፍል ውስጥ የመምህሩን ከንፈር እያየሁ ነው የከረምኩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ መሣሪያው ከሚጠቅማቸው ሰዎች መካከል የሚጠቀሙት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። እንግዲህ በስንት መከራ የተገኘን ነገር ለአንድ ጨዋታ መሠዋት ለማንም አይቀልም።

ታዲያ ማውለቅ ነው ማድረግ የሚሻለው? እኔ ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው ባይ ነኝ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የራሳቸው ኦሊምፒክ አላቸው፤ ዴፍሊምፒክስ ይባላል። በ1924 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ተጀመረ፣ የክረምቱ ደግሞ በ1949 ኦስትሪያ ውስጥ። እዚያ ውድድር ላይ ሁሉም ተወዳዳሪ መሣሪያውን ያወልቃል፤ ሕጉ ነው። ነገር ግን በጆሮ ይሰማ የነበረው በዓይን እንዲታይ ይደረጋል፦ የእግር ኳስ ዳኛ ባንዲራ ያውለበልባል፣ ለሯጮች ማስነሻው መብራት ነው። እኛ ሜዳ ላይ ግን ማውለቁ አለ፣ ባንዲራው የለም።

ዳኞችን ለመውቀስ አይደለም። የእግር ኳስ ሕግ 4 ለተጫዋቹም ሆነ ለሌላው አደገኛ የሆነ ነገር እንዳይደረግ ይከለክላል፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ጆሮ ውስጥ እያለ በጭንቅላት መጋጨትም ሊጎዳ ይችላል። አንዳንዴ ማውለቅ የግድ ነው። ባሮ ወንዝ ለመዋኘት የሚገባ ሰው ማውለቁን አይርሳ፤ ጆሮው የሚመግልበት ደግሞ ጭራሹን ባይዋኝ ይሻለዋል።

አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 30 ስፖርትን በስም ይጠቅሳል። ይሄን በሜዳችን ለመተርጎም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ለትምህርት ክፍላችን ውድድር የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። አንደኛ፣ ዳኛው ከማዘዙ በፊት ተጫዋቹን ይጠይቀው። ሁለተኛ፣ ፊሽካ ሲነፋ እጁ ላይ ያለ ቀይ ጨርቅም ከፍ ይበል። ሦስተኛ፣ ተጫዋቾች ጥቂት የእጅ ምልክቶችን አስቀድመው ይስማሙ። አራተኛ፣ ክዳን ያለው ደረቅ ዕቃ ተጠባባቂዎች ዘንድ ይቀመጥ፤ አዲስ የጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋ ሲሊካ ጄል ብትጨመርበት እርጥበት ትመጣለች። የረጠበ መሣሪያ ባትሪው ወጥቶ፣ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ እዚያ ይደር። ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ማስጣት ግን ኧረ ተዉ፣ ሙቀቱ ይገድለዋል።

ደግሞስ የእጅ ምልክቱ ለእኔ ብቻ ነው እንዴ? ሜዳችን ላይ አንዱ በአኝዋክኛ፣ አንዱ በኑዌርኛ፣ አንዱ በአማርኛ ይጮኻል። ደህና የሚሰማውም ግማሹን አይረዳም። ከፍ ያለ እጅ ግን ሁሉም ያየዋል።

በመጪው ክረምት ያ ቀይ ጨርቅ ሜዳ ላይ ይገኝ ይሆን? እኔ ጨርቁን ይዤ እመጣለሁ፤ ዳኛው ብቻ ይቀበለኝ። ያኔ አላየሁም ካልኩ ቢጫ ካርዱን ያለ ክርክር እቀበላለሁ።