ጀልባ በወንዙ ይመረጣል
ባሕር ዳር የደንገል ታንኳ የሚገዛ ሰው አይቼ ነበር፤ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የታንኳውን ሆድ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን፣ እስሩን ሳብ ሳብ አደረገና አንዱን ጫፍ አንሥቶ ክብደቱን ሞከረ። ውሃ የጠጣ ደንገል ይከብዳላ! ይህ ጥንቃቄ ለመተማ ቆላም ያስፈልጋል። በበጋ የሚደርቀው የጓንግ ወንዝ ክረምት ሲገባ ደፍርሶ እየጋለበ ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ ለጣና የተሠራ ታንኳ አይችለውም። ኃይለኛ ወንዝ ሌላ ዓይነት ጀልባ ይፈልጋል፤ በ1996 ዓ.ም. አሳሾቹ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ዓባይን ተከትለው ሜዲትራኒያን የደረሱት በጎማ ጀልባና በካያክ ነው። በእኔ እምነት ለጓንግ የሚገዛ ጀልባ በዋጋው ርካሽነት ሳይሆን በወንዙ ጠባይ መመረጥ አለበት። ገዢዎች ሆይ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የጓንግን ሙላት የሚያውቁትን የአካባቢውን ዋናተኞች አማክሩ።