የጠፈር ሮቦትና የስደተኛው ወረቀት

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ቤቴ መጣ። አዲስ አበባ በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ፣ ከተሰደደ በኋላ እዚህ አሜሪካ በሮቦቲክስ ማስተርሱን የያዘ፣ ከብዙ ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ የጥገኝነት ጥያቄው የተፈቀደለት ልጅ ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ የሥራ ማመልከቻ አሳየኝ። ጠፈር ላይ የሚሠራ የሮቦት ክንድ ለሚያመርት ክፍል ጀማሪ መሐንዲስ ይፈለጋል። ቅጹ ይጠይቃል፤ «የአሜሪካ ዜጋ ነህ ወይስ ቋሚ ነዋሪ?» ሦስተኛ ምርጫ የለውም። «ጋሼ፣ ይኼ ለእኛ አይደለም ማለት ነው» አለና ላፕቶፑን ከደነው። የተናደድሁት በቅጹ ብቻ አይደለም፤ ልጁ ሳይከራከር በመክደኑም ጭምር ነው።

ውድ አንባብያን፣ ያ ቅጽ የሕግ ቃል አይደለም። የስንፍና ቃል ነው።

የአሜሪካ መንግሥት የጦር መሣሪያ ነክ ቴክኖሎጂ ለባዕድ እንዳይተላለፍ የሚቆጣጠርበት ደንብ አይታር ይባላል። ከጠፈር መንኮራኩርና ከሳተላይት ሥራ ብዙው በዚህ ደንብ ወይም በንግድ ሚኒስቴሩ ተመሳሳይ ደንብ ሥር ይወድቃል። የንድፍ ሥዕሉን እዚሁ አሜሪካ ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ለውጭ ሰው ማሳየት እንኳ ወደ ውጭ እንደ መላክ ይቆጠራል። ቅጣቱ ከባድ ስለሆነ ኩባንያዎች ቢፈሩ አይገርመኝም። ይሁን እንጂ ያው ደንብ «የአሜሪካ ሰው» የሚለው ዜጋውን ብቻ አይደለም፤ ግሪን ካርድ የያዘውን፣ በስደተኛነት የገባውንና ጥገኝነት የተሰጠውን ሁሉ ያጠቃልላል። እነዚህን ለመቅጠር የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም። እንዲያውም ከ1986 ጀምሮ የጸና ሌላ ሕግ፣ እነዚሁኑ ሰዎች ዜጋ ባለመሆናቸው ከሥራ መከልከልን ያግዳል። በተማሪ ቪዛ ያለው ወይም የጥገኝነት ውሳኔውን ገና የሚጠብቀው በዚህ ውስጥ አይገባም፤ ናሳም በቀጥታ ለሚቀጥራቸው የመንግሥት ሠራተኞች ዜግነት ይጠይቃል። ይህን አልክድም። እኔ የምሟገተው ሕጉ ራሱ «ግባ» ላለው፣ በረኛው ግን «ቁም» ለሚለው ሰው ነው።

ይህ የእኔ የብስጭት ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሆንዳ ኤርክራፍትን በ2019፣ ጄኔራል ሞተርስን በ2023 የጠየቃቸው በዚሁ ደንብ ስም ዜጋ ያልሆኑትን አላግባብ አጉላልታችኋል ብሎ ነበር፤ ሁለቱም ገንዘብ ከፍለው ተስማሙ። በነሐሴ 2023 ደግሞ ስፔስኤክስ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች እንዳያመለክቱ ተስፋ አስቆርጧል፣ አልቀጥርም ብሏል ተብሎ ተከሰሰ። ኩባንያው አስተባበለ። በየካቲት 2025 መንግሥቱ ራሱ ክሱን አነሣ፤ ማን እውነት እንደ ተናገረ ዳኛ ሳይበይን ጉዳዩ ተዘጋ። መንግሥት ሲለዋወጥ የክሱ መዝገብ ይዘጋ ይሆናል፤ የሕጉ አንቀጽ ግን ዛሬም በቦታው አለ።

«ታዲያ ግሪን ካርዱ እስኪመጣ ይጠብቅ፤ ምን አጣደፈው?» የሚሉኝ አሉ። ይህን የሚል ሰው የጀማሪን መሐንዲስ ሥራ አያውቅም። እኔ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት በዚያው ሰበብ መለሰኝ፤ በሁለተኛው ያለችው አለቃዬ ደንቡን ራሷ አንብባ አስገባችኝ። የሰጡኝ ሥራ ጌጥ አልነበረም። የአንዲት መጋጠሚያ ሞተር አየር በተመጠጠበት ቀዝቃዛ ታንክ ውስጥ ሲዞር ሌሊቱን ሙሉ መጠበቅ ነበር። ተራ ግሪስ አየር በሌለበት ይተናል፤ ለጠፈር የተሠራውም ብርዱ ሲጠና ይወፍራል፤ ትናንት በቀላሉ የዞረው ማርሽ ዛሬ ይንገታገታል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሞተሩ ኤሌክትሪክ ሲያሻቅብ በዓይኔ ባየሁ ጊዜ ነው።

አውቶሜሽኑም እንዲሁ ነው። ከምድር ማርስ ለመድረስ የሬዲዮ መልእክት እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል። ፐርሲቪራንስ በየካቲት 2021 ሲያርፍ መልእክቱ 11 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ስለነበር፣ «አርፌአለሁ» የሚለው ምልክት እዚህ ሲሰማ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። ማሽኑ ብቻውን ይወስናል፤ ብቻውን እንዲወስን ያስተማሩት ግን ሰዎች ናቸው። አብራው የተጓዘችው ትንሿ ሄሊኮፕተር ኢንጀኒዩይቲ 72 ጊዜ በርራ በጥር 2024 ክንፏ ተሰበረ፤ የመርማሪዎቹ ግምት፣ ካሜራዋ ምልክት በሌለው ልሙጥ አሸዋ ላይ መንገዷን ሳታውቅ ቀርታ ነው የሚል ነው። «ካሜራው የሚይዘው ነገር ቢያጣስ?» ብሎ መጠየቅንና ለዚያ የሚሆን ሙከራ መጻፍን ጀማሪ የሚማረው አንጋፋው አጠገብ ተቀምጦ ነው። ሦስትና አራት ዓመት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሣ የከረመ ልጅ ግሪን ካርዱ ሲመጣለት፣ «በሙያው የቅርብ ልምድ የለህም» ተብሎ እንደገና ይመለሳል። ግሩም ፍርድ!

የሚገርመው ደግሞ፣ ያቺ ሄሊኮፕተር የበረረችበትን ኤፍ ፕራይም የተባለ የሶፍትዌር ማዕቀፍ የናሳው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ለዓለም ሁሉ በነጻ ለቆታል። ልጁ ከዚያው አውርዶ በገዛ ጊዜው ተምሮታል። ዕውቀቱ ወደ እሱ ሲመጣ ወረቀት አልጠየቀም።

ለራሳችንም ወገን አንድ ቃል አለኝ። ከቦንጋ ተነሥተው በዚህች ሀገር የጠፈር ኢንዱስትሪ ስማቸውን ያስጠሩትን፣ በጥር 2006 ያረፉትን ዶክተር ቅጣው እጅጉን በየስብሰባው እንጠራቸዋለን፤ ፎቶግራፋቸውንም እንሰቅላለን። ወዲያው ዞረን ልጁን «ይኼ የነጭ ሥራ ነው፤ ፋርማሲ ተማርና እረፍ» እንላለን። የቅጹን ሦስተኛ ሳጥን ከኩባንያው ቀድመን የደመሰስነው እኛ ነን። በየማኅበሩ ቤት ለመክሰስ የሚፈልግ ጠበቃ አይጠፋም፤ ለአንድ ጀማሪ ማመልከቻ ሁለት ገጽ ደብዳቤ የሚጽፍ ግን ፈልጌ አጣሁ።

ልጁ ማክሰኞ ዕለት ማመልከቻውን ላከ። ከሁለቱ ሳጥኖች አንዱንም አልነካም። ከሥር ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጥገኝነት የተሰጠው መሆኑንና የደንቡን አንቀጽ ቁጥር፣ 120.62፣ ጻፈበት። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።