ዜና ያለ ደረሰኝ

እኛ ካፉሪ ያለነው በሕይወት አለን። ጄኔራል ቡርሃን መንግሥቱን ከበተኑበት ከሰኞ ጥቅምት 15 ቀን 2014 ጀምሮ (እዚህ በሚቆጠረው ኦክቶበር 25) ኢንተርኔት ተቆርጦብን ከርሞ፣ ሐሙስ ኅዳር 9 ነው ብልጭ ያለልን። ስትደውሉ መስመሩ እምቢ እያለ ብዙዎቻችሁ እንደተጨነቃችሁ ሰምቻለሁ።

ከሰኞ ኅዳር 6 እስከ እሑድ ኅዳር 12 ያየሁትንና የሰማሁትን በሱቅ ደብተሬ ጀርባ ላይ ስጭር ነበር። ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳነበው ደሜ ፈላ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የንዴት ነው፤ የሚከፋው ሰው ካለ ይክፋው።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ አንዲት ልጅ ደጃፉ ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት። እዚሁ ካፉሪ በሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፤ አገሯ ከደሴ አለፍ ብሎ ሐይቅ አካባቢ ነው። በርበሬና ሽሮ የምትወስደው ከእኔ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ ዓይኗ አብጧል። «እትዬ፣ እናቴ ሞታለች» አለችኝ። ማን ነገረሽ ብላት፣ ከገዳሪፍ የመጣ አንድ ሰው ድንበር አካባቢ በኢትዮጵያ ሲም ካርድ ያወረደውን ጽሑፍ ዴም ላይ ለአገሩ ሰው ሁሉ ያሳያል፤ ጓደኛዋ አንብባ ነገረቻት። ጽሑፉ የመንደሯን ስም ጠርቶ «አንድም የተረፈ የለም» ይላል።

ልጅቷ ብታምን አልፈርድባትም። ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው ነበር፣ የአካባቢው ስልክ አይሠራም ነበር፣ አገር ቤት ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። እዚያ ስልክ አልነበረም፣ እዚህ ኢንተርኔት ማፊ ነበር። እናቱን ደውሎ መጠየቅ ያልቻለ ሰው ምን ያድርግ?

ስለዚህ ለቅሶ ተቀመጥን። በአንዷ ጓደኛዋ ክፍል ውስጥ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ከሻይ ሻጮቹም ከቤት ሠራተኞቹም ገንዘብ ተዋጥቶ። አሠሪዎቿ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ሦስት ቀን ፈቀዱላት።

ማክሰኞ ዕቃ ልረከብ ወደ ካርቱም ስሻገር ዴም ጎራ ብዬ ያንን ጽሑፍ በዓይኔ አየሁት። ቀን የለውም። የጻፈው ሰው ስም የለውም፤ ከላይ አንድ አርማ፣ ከታች «ለሌሎችም ያጋሩ» የሚል ትእዛዝ አለ። ማን አየ? ማን ቆጠረ? ከማን ተሰማ? ምንም። ፎቶ ግን አለው፤ አንድ የተቃጠለ ቤትና አንድ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከእንጦጦ እስከ ጎንደር የትም አለ።

እኔ ኮሜርስ ስማር መምህሮቻችን ከሁሉ በፊት ያስተማሩን አንድ ነገር ነው፦ ደረሰኝ የሌለው ነገር መዝገብ ላይ አይወጣም። አምስት ብርም ትሁን። ቀኑ፣ ልኩ፣ የሰጠው፣ የተቀበለው፣ ፊርማው። እኛ ነጋዴዎች ለአንድ ኩንታል በርበሬ ይህን ሁሉ እንጠይቃለን። ሚዛኑን እናያለን፣ ከረጢቱን ፈተን እጃችንን እስከ ክርናችን እንከታለን፣ ከሥሩ አሸዋ እንዳይኖር። ለእናት ሞት ግን ከረጢቱን ሳንፈታ ተቀበልን። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ይህን አልደብቅም።

በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት ነበረው። ሞቱ ከተጣራ በኋላ ዘመድና ጎረቤት ይመካከራል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ደፋር ሽማግሌ ይመረጣል፣ ራሷን ብትስት የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይቆማል። አንዳንዴ እንዲያውም ቀን አልፎ ነው የሚነገረው። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ወግ አልነበረም፤ የተነገረ መርዶ ተመልሶ ስለማይሰበሰብ ነው። አሁን አንድ ሰው፣ የት እንዳለ የማናውቀው፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ለአንድ ወረዳ ሕዝብ መርዶ ይነግራል፤ ከዚያ እራቱን ይበላል።

ስለ ሥራችንም ትንሽ ላንሳ። ባንኮች ተዘግተው፣ የካርቱም ባንክ ባንከክ ያለ ኢንተርኔት ደንዝዞ፣ ስልክ ውስጥ ያለን ገንዘብ አይተን የማንነካው ሆኖ ነው የከረመው። የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት «አክስቴ፣ ይህን ደብተር ጣይውና ሁሉን በስልክ አድርጊው» እያለ ሲስቅብኝ ነበር። በዚህ ሰሞን ማን ስንት እንዳለበት ሊያይ እኔው ደብተር ላይ ተደፍቶ ዋለ። ቴክኖሎጂ ጠላሁ ማለቴ አይደለም። ባንከክ ባይኖር ኖሮ ስንቱን ብር በመቀነት ስንሸከም እንኖር ነበር። ነገር ግን ስልኩ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ሒሳብ ሒሳብ አይደለም።

ረቡዕ ኅዳር 8 ሱቅ አልከፈትኩም። ድልድዮቹ ተዘጉ፣ ቀን ላይ የስልክ ጥሪውም ጭራሽ ጠፋ። ከባህሪ በኩል ተኩስ እንሰማ ነበር። በኋላ ሐኪሞች ቢያንስ 15 ሰው መገደሉን ተናገሩ፤ አብዛኞቹ እዚሁ ባህሪ ውስጥ። የእኛ ቤት አከራይ፣ እናት የሆኑ ሱዳናዊት ሴት፣ ልጃቸው እስከ ምሽት አልገባም ነበርና በር ላይ ቆመው ሲያዩ አምሽተዋል። ገባ፣ ተመስገን። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በማግስቱ ኢንተርኔት ተመለሰ። በሰላማዊ ሰልፈኛ ግፊት ይሁን በፍርድ ቤት፣ ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ፍርድ ቤቱ የቴሌኮም ኩባንያዎች አገልግሎቱን እንዲመልሱ አዞ ነበር፤ ቢዘገዩ በኃላፊዎቹ ላይ የእስር ትእዛዝ ወጣ። ይህን ሳነብ ቀናሁ፤ ኢንተርኔት ተቆረጠብን ብሎ ኩባንያ መክሰስ እንደሚቻል እኔ አላውቅም ነበር።

ለአንዱ ዋትስአፕ ይከፍታል፣ ለሌላው ፌስቡክ እምቢ ይላል፣ ብቻ የሃያ ምናምን ቀን መልእክት እንደ ጎርፍ ገባ። ከዚያ ሁሉ መሐል አንዱ ስለ እኔ ነበር! ጠቅላይ ሚኒስትር ሐምዶክ ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ በዚሁ በካፉሪ ቤታቸው ውስጥ ተጠብቀው ነው የቆዩት። አዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ኮሚሽን የሠሩ ሰው በመሆናቸው የእኛ ሰዎች እንደ ጎረቤት ነው የሚያዩዋቸው። እና አንድ ቀን ስልክ ሲሠራልኝ ከጎንደር አንድ ዘመድ «አንቺ ካፉሪ ነሽ፣ አየሻቸው ወይ?» አለኝ። «አጥርና ወታደር አይቻለሁ» አልኩት። ሐሙስ ቴሌግራም ስከፍት ምን አነበብኩ? «ካፉሪ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ነጋዴ ሐምዶክ በጠና መታመማቸውን በዓይኗ አይታ አረጋገጠች።» እኔ! አጥር ያየሁት ሴትዮ ሐኪም ሆኜ አረፍኩ።

ዓርብ የልጅቷ ያክስት ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። እናቷ አለች። ከሌሎች ተፈናቃዮች ጋር በእግርና በመኪና ደብረ ብርሃን ገብታለች። እግሯ ከማበጡ በቀር ደህና ናት። ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሦስት ቀን ያለቀሰችላት እናቷ «ምነው ድምፅሽ ሻከረ፣ ጉንፋን ነው?» አለቻት።

ቅዳሜ ቡና ላይ ይህን ስናወራ ሁለት ሰዎች ተቃወሙኝ፤ ክርክራቸውን ላስቀምጠው።

አንደኛው አንጋፋ ነጋዴ ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። «እንግዲያው ኢንተርኔቱን የዘጉት ልክ ናቸዋ፣ ወሬ ቀነሰ» አሉ። አይደለም፣ አባባ። ያ የውሸት መርዶ የመጣው ኢንተርኔት በተዘጋበት ሳምንት ነው፤ በእግሩ፣ በሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ። የተዘጋው ማጣሪያው ነው። መስመር ቢኖር ልጅቷ ለያክስቷ ልጅ ደውላ በዚያው ሰኞ እውነቱን ታውቅ ነበር። ሚዛን የሰበረ ሰው ማጭበርበርን አስቀረ አይባልም።

ሁለተኛው ወጣት ነው፤ እሱም በትርፍ ጊዜው ለአገሩ ሰው ዜና ይጽፋል። «እትዬ፣ ፍጥነት ያስፈልጋል፣ ስህተት ካለ በኋላ እናርማለን» አለ። እንዴት ነው የምታርሙት? በሒሳብ አያያዝ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም። በአንድ መስመር ይሰረዝና እንዲነበብ ይተዋል፣ ከጎኑ ትክክለኛው ይጻፋል፣ ቀንና ፊርማ ይገባል፤ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስህተቱንም እርማቱንም እንዲያይ። እናንተ ግን ስትሳሳቱ ድምፅ ሳታሰሙ ታጠፋላችሁ። መርዶው ሺህ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፣ እርማቱ የትም የለም። እንዲያ የሚያደርግ ሒሳብ ሠራተኛ እኔ ሱቅ አንድ ቀን አያድርም።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሐምሌ ላይ ሱዳን የገላባትን በር በዘጋች ጊዜ «ተከፍቷል» የሚል አንብቤ፣ ሳላጣራ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ አስተላለፍኩለት። ድንች ጭኖ መተማ ድረስ ወረደ፣ በዚያ ሙቀት ቆሞ ቀረ። ድንቹ ሸተተ። ግማሹን ኪሳራ ከፍዬዋለሁ፤ ግማሹን እሱ ይቅር ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ተከፈተ የሚለኝን ሰው «አንተ አልፈሃል ወይስ ሰምተህ ነው? መቼ?» ሳልለው አልቀርም። ስድብ የሚመስለው አለ። ይምሰለው።

ገዢ ባይኖር ሻጭ አይኖርም ነበር፤ እዚህ ላይ እኛም አለንበት። ቀን የሌለው፣ ጸሐፊ የሌለው፣ ያየ ሰው የሌለው ነገር ሲመጣልን ጣታችን «አስተላልፍ» የሚለው ላይ ለመድረስ ለምን ይቸኩላል? ቢያንስ «ይህ አልተጣራም» የሚሉ ሁለት ቃላት ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

እሑድ ኅዳር 12 ሚካኤል ነበር። ሐምዶክና ቡርሃን ስምምነት መፈራረማቸውን የሰማነው ያን ዕለት ነው፤ ይበጅ አይበጅ ሱዳኖቹ ራሳቸው ተከፋፍለውበት ነበር፣ ወጣቶቹ መንገድ ላይ ሲቃወሙ ነበር። እኛ ጋ ግን ልጅቷ ለለቅሶ የተዋጣላትን ገንዘብ በፌስታል ቋጥራ ለመመለስ መጣች። ሁሉም እምቢ አለ። ደብረ ብርሃን ላለችው እናቷ ይሂድ ተባለ። እኔው ተረክቤ ደብተሬ ላይ በየሰጪው ስም ጽፌዋለሁ፤ የሚወስድ ታማኝ ሰው ሲገኝ እልካለሁ።

ያ ጽሑፍ ዛሬ፣ ማክሰኞ ኅዳር 14፣ እንደነበረ አለ። አላጠፉትም፣ አላረሙትም። የጻፈው ሰው ይህ ደርሶት ካነበበ፣ ሞታለች ያላት ሴት ስልክ ቁጥር እኔ ጋ አለ። ይጠይቀኝና እሰጠዋለሁ፤ ደውሎ ራሱ ያነጋግራት።