ከባልባላ እስከ ሙኒክ

ልጃችን በሙኒክ ተማሪ ሳለ፣ እኔና ባለቤቴ ከጅቡቲ ባልባላ ተነሥተን ልንጠይቀው ሄደን ነበር። ጊዜው ወርኀ መስከረም ስለ ነበረ ስመ ጥሩውን የቢራ በዓል ኦክቶበርፌስትን አሳየን። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ1810 ስለ ባቫሪያው አልጋ ወራሽ ስለ ሉድቪግና ስለ ልዕልት ቴሬዛ ሠርግ ከተደረገው የፈረስ እሽቅድድም የመነጨ ሲሆን፣ ሜዳው እስከ ዛሬ በሙሽራይቱ ስም ይጠራል። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ማለት የቤተሰብ ቀን በመሆኑ፣ ሕፃናት በቅናሽ ዋጋ ይጫወታሉ። ቢራው ግን የሚቀዳው በአንድ ሊትር ብርጭቆ ነው! ለየበዓሉ ጠላ የምትጠምቀው ባለቤቴ እንኳ ደነገጠች።

«ልጄ፣ አንተም ይህን ሁሉ ትጠጣለህን?»

«እማዬ፣ እኔስ ማታ ማታ ብርጭቆውን አጥባለሁ» አላት አቀርቅሮ።

በደብዳቤው ሁሉ ገንዘብ እንደማይቸግረው ይጽፍልን ነበር። እርስዋም ቃል ሳትናገር፣ ከባልባላ ይዛለት የመጣችውን ዳቦ ቆሎ ከቦርሳዋ አውጥታ በመዳፉ ላይ ዘገነችለት።