ከሳምቡሳው ጎን ፕሮትራክተርም ይኑር

በ10ኛው ክፍለ ዘመን በሶሪያዋ ሀለብ ከተማ አል ዒጅሊያ በመባል የምትታወቅ ሴት፣ የከዋክብትን ከፍታ ለመለካት የሚያገለግለውን አስትሮላብ ትሠራ ነበር። የአባቷም ሙያ ይኸው ነበር። ሳይንስ ለሴት ልጅ እንግዳ ሆኖ አያውቅም።

ዛሬ ሴቶች ልጆቻችንን ወደ ኋላ የሚያስቀራቸው የችሎታ ማነስ አይደለም፤ መሣሪያ ነክቶ የመሞከር ዕድልና ጊዜ ማጣት ነው። በቡድን ሥራ ብዙ ጊዜ ዕቃውን የሚይዘው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ውጤቱን ትጽፋለች። በረመዳን ደግሞ ከዐስር ሶላት በኋላ እሷ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ስትጠቀልል ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፕሮትራክተር፣ ክርና ትንሽ ጠጠር ካለ የጨረቃን ከፍታ መለካት ይቻላል። ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለውን የተግባር ሥልጠና ሲያዘጋጁ መሣሪያውን መሥራቱን ጠዋት ያድርጉት፤ ልኬቱን ልጆቹ ማታ ከደጃቸው ሆነው ይሞክሩታል። መሣሪያው በየተራ በሴቶቹም እጅ ይግባ። ወላጆችም የማዕድ ቤቱን ሥራ ለወንዶች ልጆቻቸው ያካፍሉ፤ ሳምቡሳ መጠቅለል ለወንድም አያቅተውም።

የዒድን ጨረቃ ለማየት ሁላችንም ወደ ሰማይ እናንጋጥጣለን። ዘንድሮ ከመካከላችን ከፍታዋን ለክታ የምትነግረን ልጅ ትኑረን።

ረመዳን ከሪም!